ስለ ዱባለና ስለ ሰባት ሰዓት ከአርባ

ለክቡር ኢንጂነር እሸቴ ዳምጠው
የፋብሪካችን የዘመናዊ አሠራርና የመረጃ ደህንነት መምሪያ ኃላፊ
ሰበታ

የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡር ኢንጂነር፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ ከጎንዎ ባለው ክፍል የተቀመጠውም ሰርቨር ሙቀት እንዳይነካው ለሁለታችሁም ጤና እመኛለሁ። እኛ በማቅለሚያና በስቶር በኩል ያለነው፣ አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር፣ ደህና ነን።

የምጽፍልዎ የስቶር ሠራተኛዋ ብርቅዬ ዘለቀ ነኝ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ አልቀየምም። በዚህ ፋብሪካ በቆየሁባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከአፌ የወጣው ንግግር ቢሰበሰብ አብዛኛው «እዚህ ጋ ፈርሙ» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት ላሳፍርዎ ብዬ አይደለም። የእናንተ ወረቀት ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ስላለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑ ለአንባቢ ይመቻል ብዬ ነው።

የእናንተን ወረቀት ላላነበበ እንግዳ ይዘቱን በአጭሩ ልግለጽ። የማቅለሚያ ክፍል ኦፕሬተር የነበረው ዱባለ ሻንካ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 7፡40 ሰዓት፣ ሌሎች ሠራተኞች ለምሳ በወጡበት፣ በመግቢያ ስሙ ሲስተሙን ከፍቶ የፋብሪካውን የቀለም ቅመራ በሙሉ ሆን ብሎ በማጥፋቱ መሰናበቱን ይናገራል። ለማስረጃነትም ከሰርቨሩ መዝገብ የታተመ አንድ ገጽ ከሥሩ ተያይዟል። በማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ባለቤቱ ሩታ በየቀኑ ጠዋት ስትገባ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስትወጣ አንድ ጊዜ በዚህ ወረቀት ሥር ታልፋለች። ፍተሻው እዚያው ስለሆነ ሰልፉ ሲረዝም ቆማ ትጠብቃለች።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። ምስጋና ስለሚቀድም ከእሱ እጀምራለሁ።

1ኛ. ለመግቢያ ስሙ አመሰግናለሁ። አዲሱ ሲስተም ሲመጣ ለማቅለሚያ ክፍል በሙሉ አንድ መግቢያ ብቻ ተፈቀደ። መጀመሪያ የሠለጠነው ዱባለ ስለነበር በእሱ ስም ተከፈተ። እሱ በሌለበት ሥራ እንዳይቆም የክፍሉ ኃላፊ ባዘዙት መሠረት፣ ዱባለ የይለፍ ቃሉን በትልልቁ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ በወሰደው የቁስል ፕላስተር ማሳያው ጥግ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ፈረቃ የሚገባው በዱባለ ስም ነው። ሲስተሙን የተከለው ድርጅትም አዲስ አበባ ሆኖ ከርቀት ለመጠገን እንዲመቸው ያንኑ ስምና ያንኑ የይለፍ ቃል ወሰደ። እንግዲህ በእናንተ መዝገብ ከሄድን ዱባለ ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ በዓል ሳያከብር፣ አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ሰበታና አዲስ አበባ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ትጉህ ሠራተኛ ሳትሸልሙት ማሰናበታችሁ አሳዝኖኛል።

2ኛ. ለመጠባበቂያው ቅጂ አመሰግናለሁ። ከሲስተሙ በፊት ስልሳ ሦስቱ የቀለም ቅመራዎች የተቀመጡት በዱባለ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ለየትኛው ጨርቅ ስንት ግራም፣ በስንት ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ። ባለፈው ሚያዝያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲስተሙን ከተከሉት ልጆች ጋር ተቀምጦ አንድ በአንድ ነገራቸው፣ እነሱም ጻፉ። እናንተ ደግሞ ቢጠፋ ተብሎ ሌላ ቅጂ እንዲቀመጥ አዘዛችሁ። ቅጂው የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከዋናው አጠገብ ነበር፤ ትርፍ ቁልፍን ከዋናው ቁልፍ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ እንደመያዝ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ኖረው አብረው ጠፉ።

እዚህ ላይ ስለ ዱባለና ስለ እኔ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ቀሪውን ያነበብኩት ከካርቶን ላይ፣ ከቀለም በርሜል ጋር ከሚመጣ ወረቀት፣ ፈረንጆች ማሽን ሲተክሉ ጥለውት ከሚሄዱት የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። ዱባለ ይህን ያውቃል። አዲስ በርሜል በከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለውን ወረቀት ሳይቀድ አጥፎ ያመጣልኝና በስቶሩ መስኮት «እትዬ ብርቅዬ፣ ጋዜጣዎት መጣ» ይለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጋዜጣዬ ሳይቋረጥ ደርሶኛል።

3ኛ. ለጣት አሻራ ማሽኑ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ኮስቲክ ሶዳና ቀለም የነካ ጣት ይላጣል። ማሽኑ ዱባለንና ሌሎች ስድስት የማቅለሚያ ሠራተኞችን አላውቃቸውም ብሎ መለሳቸው። የጥበቃ ኃላፊው ኦቦ ሞቱማ ለእነዚህ ሰባት ሰዎች አንድ ደብተር ከፍተው መግቢያና መውጫቸውን በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ዱባለን በየጠዋቱ «አከም ቡልቴ፣ ዱባለ! ማሽኑ ባያውቅህ እኔ አውቅሃለሁ» እያሉ ሲስቁ ከስቶሩ ድረስ ይሰማል። ያን ደብተር ያስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

4ኛ. አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ሰዓት ነው፤ ረዘም ይላል።

ነሐሴ 20 ማክሰኞ ነበር። ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ የተፍኪ ሜዳ ውሃ ለብሶ ስለነበር፣ ዱባለና ሩታ የሚሳፈሩበት ሰርቪስ ዘግይቶ በር ላይ የደረሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ይህን የማውቀው ቀለም የሚረከብ ሰው እየጠበቅሁ ቁልፍ ይዤ በስቶሩ ደጃፍ ቆሜ ስለነበር ነው። ኦቦ ሞቱማም «ዱባለ፣ 2፡20» ብለው ጻፉ። የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የተቀለመው ጥቁር ብቻ ነበር፤ ለጥቁር ደግሞ ዱባለ ኮምፒውተር መጠየቅ አያስፈልገውም። ስለዚህ ዝርዝሩን የከፈተ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሰማያዊ ታዘዘና ሲከፈት ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ሳምንት መምሪያዎ ፈጣን እርምጃ ወሰደ። ለመረጃ መጥፋት ምክንያት የሚሆኑ በእጅ የተጻፉ መዝገቦች በሙሉ ከፋብሪካው ይወገዱ የሚል ትዕዛዝ ደረሰን። ያስወገድኩት እኔ ነኝ። ደብተሮቹን በሲባጎ አስሬ፣ በሚዛን ሰቅዬ፣ ለወረቀት ገዢው አስረከብኩ፤ የኦቦ ሞቱማም ደብተር ከመካከላቸው ነበረ። አስሬ ስጨርስ ቋጠሮው እንዳይፈታ ደግሜ ማጥበቄን አስታውሳለሁ። ሥራዬን በጥንቃቄ ነው የምሠራው።

ከዚያ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዱባለን ጠራው። ቃለ ጉባኤ የጻፈችው ትጊ እንደነገረችኝ ጥያቄው ሁለት ብቻ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን በሰባት ሰዓት ከአርባ የት ነበርክ ሲሉት፣ «ማሽኑ ጋ ነበርኩ፣ ጌታዬ። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል፤ ጥቁሩን ጥዬ መሄድ አልችልም» አለ። ብቻህን ነበርክ ሲሉት፣ «አዎ፣ ብቻዬን» አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥፋቱን አምኗል» ተብሎ ተጻፈ። እውነት ተናግሮ እንዲህ በፍጥነት የተፈረደበት ሰው በዕድሜዬ አላየሁም፤ ለኮሚቴው ቅልጥፍና ምስጋናዬ ይድረስ።

የስንብት ደብዳቤው ከመሰጠቱ በፊት ግን፣ ለፋብሪካው ጥቅም ሲባል፣ ቅመራዎቹን እንደገና እንዲነግራችሁ ጠየቃችሁት። አራት ቀን ተቀምጦ ስልሳ ሦስቱንም ነገራችሁ። አንዱን እንኳ አላጓደለም፤ ይህን የማውቀው ዛሬም በዚያው እየቀለምን ስለሆነ ነው። በአምስተኛው ቀን ደብዳቤውን ሰጣችሁት። ሆን ብሎ ያጠፋውን ነገር እንደገና ቁጭ ብሎ የሚሞላ ሰው ለምን አጠፋው የሚለው ጥያቄ በቃለ ጉባኤው የለም። ምናልባት ገጹ አልቆ ይሆናል።

ንብረት ሊመልስ ወደ ስቶር መጣ። ቦቲውን፣ ጓንቱን፣ ሽርጡን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጥፎ ነው ያመጣው። እኔ እየቆጠርኩ ሳለሁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እኔ አላጠፋሁም። ግን ያ ወረቀት ስሜንም ሰዓቱንም አውቆታል። ሳላውቀው እጄ ነክቶት ይሆን?» አለኝ።

እኔም «እዚህ ጋ ፈርም» አልኩት።

ክቡር ኢንጂነር፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ገደማ በዚያ ሰሌዳ ሥር አልፌያለሁ። ኅዳር 4 ቀን ጠዋት የፍተሻው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ቆሜ የተያያዘውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። በቀይ የተሰመረበት መስመር «ዱባለ፣ 7፡40» ይላል። ከእሱ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ በዚያው ቀን ሌላ መግቢያ አለ፤ ሰዓቱ 15፡05 ነው። የመጨረሻው መስመር 16፡50 ይላል። በእኛ አገር አሥራ አምስት ሰዓት የሚባል የለም፤ አሥራ ስድስት ሰዓትም የለም። ሰርቨሩ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ሲተከል እንደመጣ ቀርቷል። ከፊታችን ያለውን የማሳያ ሰዓት ግን የማቅለሚያ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት በእኛ አቆጣጠር አስተካክለውት ነበር፤ ሁላችንም በስልካችን እንደምናደርገው። ዱባለም ኮሚቴውም ሁለቱ አንድ መስለዋቸዋል። የፈረንጅ ሰባት ሰዓት ከአርባ የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። በዚያ ሰዓት ዱባለ በተፍኪ መንገድ ላይ፣ መስኮቱ በጭጋግ በተሸፈነ ሰርቪስ ውስጥ፣ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ነበር።

በተለይ ያስደነቀኝ ቀኑን በትክክል መቀየራችሁ ነው። ገጹ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው፤ እናንተ ግን ቆጥራችሁ ነሐሴ 20 አላችሁት፤ አልተሳሳታችሁም። ሰዓቱ ላይ ስትደርሱ ብቻ ደከማችሁ። በዚያው መስመር ጫፍ ላይ ደግሞ ግንኙነቱ ከግቢው ውጭ፣ ከርቀት የተደረገ መሆኑን የሚገልጹ ሁለት ቃላት አሉ። እንግሊዝኛ ስለሆኑ አልተረጎማችኋቸውም። እኔ ከካርቶን የተማርኩት ሴት ያነበብኳቸውን ቃላት እናንተ ሳታነቧቸው ቀርታችሁ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል፤ ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል።

የዚያኑ ዕለት ወደ መምሪያዎ መጣሁ። በር ላይ ያለው ወንዲ በጣም ትሑት ልጅ ነው። «እትዬ፣ አቤቱታ በወረቀት መቀበል ቀርቷል፤ ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ያስገቡ» አለኝ። መግቢያ የለኝም አልኩት። «እሱንም ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ነው የሚጠይቁት» አለኝ። አልቀለደም፤ እሱም ተጨንቆ ነበር፤ በኋላ መግቢያ እንዲሰጠኝ በራሱ ስም ጠየቀልኝ። በዱባለ ስም ገብቼ አቤቱታውን ማስገባት እችል ነበር፤ የይለፍ ቃሉ እንደተለጠፈ ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ስም መግባት ክልክል መሆኑ በየግድግዳው ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ደንብ አከብራለሁ። ኦቦ ሞቱማ ራሳቸው መጥተው የዚያን ቀን ጠዋት ያዩትን ሊመሰክሩ ቢሉም የቃል ምስክርነት ሲስተሙ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ተነገራቸው። ወደ ጥበቃ ቤታቸው ሲመለሱ በአሻራ ማሽኑ በኩል ሲያልፉ ትንሽ ቆም ብለው አዩት።

ለዱባለ ግን አልደወልኩለትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእናንተ መዝገብ ላይ ስለሌለ እኔ ልመዝግበው። ባዶ እጄን ልደውልለት አልፈለግኩም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ «ጋዜጣህ መጣ» ልለው ነበር ያሰብኩት። ዛሬ ይፈቀድልኛል፣ ነገ ይፈቀድልኛል እያልኩ መግቢያዬን ስጠብቅ ቀናት አለፉ።

እሱ በዚያን ጊዜ ቡራዩ አንድ ፋብሪካ ተፈትኖ አልፎ ነበር። ፋብሪካው ስለ ጠባዩ ለመጠየቅ ወደ እኛ ደወለ፤ ከመምሪያችሁ የተሰጠው መልስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም አሉ። እንደዚያ የፈጠነ መልስ እኔም ባገኘሁ ብዬ ቀንቻለሁ። ከዚያ ሱሉልታ ሄዶ ሕንፃ ላይ በቀን ሥራ ተቀጠረ። ኅዳር 16 ቀን የቆመበት መወጣጫ እንጨት ተሰብሮ ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ። የተሰበረው እንጨት ነው፤ መምሪያዎ ገፍቶ ጣለው አልልም። የምለው፣ ቀለም ሲቀላቅል የኖረ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ ምን ሊሠራ እንደወጣ ለጠየቀ ሁሉ መልሱ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ እንደሚገኝ ነው። አስከሬኑን ወደ ወላይታ ሸኘነው። ሩታ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ በሰሌዳው ሥር አልፋ።

ሩታን «በመጨረሻ ምን ይል ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ማታ ማታ እጆቹን ገልብጦ እያየ፣ የትኛው ጣቴ ይሆን እያለ ይጠይቃት ነበር አለችኝ። እኔ መልሱን የዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይዤው ነበር።

ልመናዬ ይኸው ነው። ያ ወረቀት ከሰሌዳው ይነሳ። በምትኩ በዚያው መጠን፣ በዚያው ማኅተም፣ በእርስዎ ፊርማ፣ ዱባለ ሻንካ ምንም አላጠፋም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይለጠፍ። ካሣ አልጠየቅኩም፤ ኮሚቴውም ይቅርታ ይጠይቅ አላልኩም፤ ማን ነው የገባው የሚለውንም እንደ ፍላጎታችሁ ፈልጉት ወይም ተዉት። ልጃቸው ያኔት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊደል ቆጥራ ልትጨርስ ነው። አንድ ቀን እናቷን ፍለጋ እዚህ በር ላይ ትቆማለች፤ ልጅ ደግሞ ማንበብ ሲጀምር ያገኘውን ሁሉ ያነባል። እኔ አውቀዋለሁ።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰርቨሩን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ ከእናንተ ጥበቃ ጋር ተደምሮ ሳይበቃው አይቀርም።

ለትእዛዝዎ ዘወትር ታዛዥ፣ ደብተሩን በገዛ እጇ አስራ የሰጠች፣

ብርቅዬ ዘለቀ
የስቶር ሠራተኛ

ግልባጭ፦
– ለኦቦ ሞቱማ፣ ጥበቃ ቤት፤ ደብተራቸውን ስላጠፋሁባቸው ከይቅርታ ጋር
– ለወይዘሮ ሩታ፣ ማሸጊያ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ኢንጂነር፣ የጠየቅሁት መግቢያ ባለፈው ሐሙስ ተፈቅዶልኛል፤ ሦስት ወር አልሞላውምና ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። የዱባለ ስም በአረንጓዴ በርቶ ነበር። ሰርቨሩ 7፡40 ይላል፤ በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ መሆኑ ነው፤ ማቅለሚያው ገና አልተከፈተም። ኮሚቴው እንደገና ሊጠራው ቢያስብ ወላይታ ድረስ መንገዱን አሳያለሁ። እስከዚያው ግን የይለፍ ቃሉን ብትቀይሩት መልካም ነው። ማሳያው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ስታነሱ ደግሞ በቀስታ ላጡት፤ እንዳትጥሉት። ጽሕፈቱ የእሱ ነው፤ ለልጁ እፈልገዋለሁ።